ምንያህል ክንዱን የዘረጋ ቀን

ገላው ወልደሰንበት ሲግናል አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያ የማያውቀው ሠራተኛ አልነበረም። በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ በሩ ሳይከፈት ይደርሳል። እጅጌውን ከቤቱ ሲወጣ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። በደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር ይይዛል፤ ጠዋትና ማታ ቤቱ ሆኖ የለካው የደም ግፊቱ ቁጥር ከነቀኑ የተጻፈባት። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነውና ነርሷ ሰልማ ደብተሩን እያገላበጠች ትቀልድበታለች።

"ጋሼ ገላው፣ ይሄ እኮ የመኪና ሰርቪስ መዝገብ ነው የሚመስለው።"

"መኪናም ዘይቱን ሳታዪ አይነዳም፣ ልጄ።"

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሰልማ እንደወትሮው ለካችውና "መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ፣ ጎበዝ ነዎት" አለችው። ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥታ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካርድዎ ላይ 'መንታ' የሚል ተጽፏል። መንታዎ በሕይወት አሉ?"

ገላው እጅጌውን ማውረድ ጀምሮ ነበር፤ እጁ ክርኑ ላይ ቀረ።

"አለ።"

"ወንድ ናቸው?"

"ወንድ ነው። ቁርጥ እኔን።"

"ጎሽ! የደም ግፊት ጥናት የሚያደርጉ ዶክተሮች መጥተዋል። በጣም የሚፈልጉት እንደናንተ ቁርጥ አንድ የሆኑ መንታዎችን ነው። ስልካቸውን ይስጡኝና ልደውልላቸው።"

"ስልኩ የለኝም" አለ ገላው።

ሰልማ የቀለደ መስሏት ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። እውነቱን ነበር። ገላውና ወንድሙ ምንያህል ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ገላው ሲግናል፣ ምንያህል ደግሞ ከዘመድ እንደሰማው መሪ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። በባቡር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ያም ሆኖ ሰልማ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል ወሰደችው። ዶክተር ባርኮት የምትባል ወጣት ሐኪም ወንበር ሳበችለት። የሚያጠኑትን ነገር ሳትቸኩል ነገረችው። ሁለት ቁርጥ አንድ የሆኑ መንትዮች ከእናት ከአባታቸው የወረሱት ዘረመል አንድ ነው። ነገር ግን ዘረመሉ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ አንዱ ክፍል እንዲሠራ፣ ሌላው ዝም እንዲል የሚያደርጉ። እነሱን ዕድሜ ይለውጣቸዋል፤ ሲጋራ፣ ጭንቀት፣ የምንበላው ነገር ይለውጣቸዋል። ከፍተኛ የደም ግፊትም ዓመታት ሲቆይ የራሱን ምልክት ሳይተው አይቀርም።

"እኛ የምንፈልገው" አለች፣ "ግፊቱ ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንን መጉዳት ሲጀምር ከደም ላይ ቀድመን ልናየው የምንችለው ምልክት ይኖር እንደሆነ ነው።"

ገላው ትንሽ አሰበ። "እናታችን ስንወለድ እኔን ለመለየት ቀይ ክር እጄ ላይ አስራ ነበር። እንደሱ ነው?"

"በጣም ይመስላል። ልዩነቱ ይሄኛውን ክር የሚያስረው ኑሮ ነው።"

"እና አሁን የኔን ደም አይታችሁ ኩላሊትህ እንዲህ ነው ትሉኛላችሁ?"

"አንልዎትም። ይሄ ገና ጥናት ነው፤ ከእሱ ተነስቼ ለአንድ ሰው ፍርድ አልሰጥም። ለኩላሊትና ለልብ የተለመደ ምርመራ አለ፤ እሱን ግን ለሁለታችሁም እንሠራለን።" ብዕሯን አነሳች። "ወንድምዎ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?"

"እሱ ጤነኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው። አስተማሪ ነበር፤ አይጠጣ፣ አያጨስ። የታመምኩት እኔ ነኝ።"

"እናታችሁስ?"

"ደም ብዛት ነው የገደላት" አለ ገላው።

ዶክተሯ መጻፏን አቆመች። "ጋሼ ገላው፣ ጥናቱን ይተዉት። ባይፈልጉ አይሳተፉ። ግን ወንድምዎን እንዲለኩ ይንገሯቸው። ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ አያምም። ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ።"

ገላው አመስግኖ ወጣ። ወደ ቤቱ አልሄደም። ከመገናኛ ወደ የካ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባና፣ መጨረሻው ላይ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።

ያደጉት እዚያ ነው፤ የባሕር ዛፉ ጫካ አጥር ሥር። አባታቸው ወልደሰንበት የደን ጠባቂ ነበሩ። ፉጨታቸው ከተራራው ላይ ሲሰማ እናታቸው ወርቅአየሁ ወጡን ታወጣለች። በነፋስ ቀን የባሕር ዛፍ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ፣ ሁለቱ ልጆች አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ይቆጥሩታል፤ ምንያህል መቶ ሳይሞላ ይተኛል።

ትምህርት ቤት ሲገቡ መምህራኑ መለየት ስላቃታቸው ምንያህልን የጠዋት፣ ገላውን የከሰዓት ፈረቃ አደረጓቸው። ያላቸው ሹራብ አንድ ነበር፤ አባታቸው ከሰልባጅ የገዙት፣ አንገቱ የሰፋ፣ ሰማያዊ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንዱ ከታች እየወጣ፣ አንዱ ከላይ እየወረደ፣ ከወንዙ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ምንያህል ሹራቡን አውልቆ ይሰጠዋል። "ሒሳብ ፈተና አለ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንዳትሸወድ" ይለዋል። ገላው ሹራቡን ሲለብሰው ሁልጊዜ ሙቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሕይወቱ ብዙ ልብስ ለብሷል፤ በደጉ ዘመን ከሞያሌ የቆዳ ጃኬት አምጥቷል። እንደዚያ የሞቀው ልብስ ግን ትዝ አይለውም።

ድልድዩ ዛሬም አለ፤ ሰፍቶ መኪና ያሳልፋል። ገላው መደገፊያውን ይዞ ቆመና እዚህ ያደረሳቸውን ነገር አሰበ።

እናታቸው የሞተች ጊዜ እሱ ያቤሎ መንገድ ላይ ነበር። መኪናው ተበላሽቶ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ሁለት ቀን ቆመ። ስልኩ መሥራት ሲጀምር አርባ ስድስት ጥሪ ገባ፤ ሁሉም ከምንያህል። መልሶ ደወለ። "ትናንት ቀበርናት" አለው ምንያህል። ገላው የደረሰው ለሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ለምን አልጠበቅከኝም?" ብሎ ጮኸ። ምንያህል መሬት መሬት እያየ "የዕድሩ ሰዎች አናቆይም አሉ" አለው። ገላው የዚያን ቀን ወጥቶ ሄደ። ወንድሙ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አላነሳም። በኋላ ስልኩን ሲቀይር ቁጥሩንም አላስቀረም።

ከቀብሩ በኋላ ያደረገው አንድ ነገር ቢኖር የግፊት መለኪያ መግዛት ነው። እናቱን የገደላትን ነገር በዓይኑ ሊያየው ፈለገ። ተለካ፤ መቶ ሰባ ሆኖ አገኘው። ያን ቀን መድኃኒት ጀመረ፤ አንድም ቀን አላቋረጠም።

"ጤነኛ ነኝ የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ" ያለችው ሐኪም ድምፅ ድልድዩ ላይም አልተወውም። ቁልቁለቱን ወርዶ ታክሲ ያዘ፤ ከመገናኛ ደግሞ ባቡር ተሳፈረ።

መሪ ሲደርስ ሕንፃውን ከጥበቃው ጠየቀ። ጥበቃው ፊቱን እያየ ሳቀ። "ጋሽ ምንያህል፣ ዛሬ ደግሞ ቤትዎ ጠፋዎት?" አለው።

አራተኛ ፎቅ በሩን የከፈተችው የምንያህል ሚስት መዓዛ ነበረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ በሞትኩት! ገላው!"

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እያለቀሰች ጎትታ አስገባችው። ምንያህል ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። ቀና አለ። ገላው ወንድሙን ሲያይ የራሱን ፊት እንደሚያይ ያምን ነበር፤ አሁን ግን ከዓይኖቹ ሥር ያበጠ፣ ቆዳው የገረጣ ሽማግሌ ነው ያየው። እግሮቹ ነጠላ ጫማው ውስጥ ተነፋፍተዋል።

ገላው በባቡሩ ውስጥ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

"የደም ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?" አለ።

ምንያህል ጋዜጣውን አጠፈ። "ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጣኸው ይሄን ልትጠይቀኝ ነው?"

"መልስልኝ።"

"ደህና ነኝ። ምንም አያመኝም።"

"እምቢ ነው የሚለው!" አለች መዓዛ። "ስንት ጊዜ ለመንኩት። እግሩ ሲያብጥ ጫማው ነው ይላል፤ ራሱን ሲያመው መነጽሩ ነው ይላል።"

"መዓዛ፣ እስቲ ሻይ አፍይልን" አለ ምንያህል።

መዓዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ገላው ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ጥናቱ፣ ሐኪሟ ስላለችው ነገረው። ምንያህል እስኪጨርስ አዳመጠውና ራሱን ነቀነቀ።

"አልችልም፣ ገላው።"

"ምን ማለት ነው አልችልም? ክንድህን መዘርጋት እኮ ነው።"

ምንያህል ፊቱን አዞረ። ሲናገር ወደ መስኮቱ እያየ ነበር።

"ያን ሳምንት ሙሉውን ራሴን ራሴን ትለኝ ነበር። ሻሿን አጥብቃ አስራ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ የስንት ክፍል ወረቀት አርማለሁ። ማስታገሻ ገዝቼ ሰጠኋት። ጤና ጣቢያው ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው፣ ገላው። አሥር ደቂቃ። ዓርብ እወስድሻለሁ አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ወደቀች። ወስጄ ሳደርሳት ያን ጨርቅ ክንዷ ላይ ጠመጠሙት፤ ነርሱ ቁጥሩን አይቶ ሌላ ነርስ ጠራ። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ጨርቅ ማየት አልችልም። ትምህርት ቤት ሊለኩን ሲመጡ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተደብቄያለሁ። አስተማሪ ሰው!"

ገላው ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ።

"ደግሞ ዋሽቼሃለሁ" አለ ምንያህል። "የዕድሩ ሰዎች ልጇ እስኪመጣ አንድ ቀን እንጠብቅ ብለው ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከመጣህ አስከሬኗ ፊት ቆመህ 'ምን ሆና ነው?' ብለህ ልትጠይቀኝ ነው። ያን ፈራሁ።"

ገላው ተነሳ። ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ወጣ። ደረጃውን በፍጥነት ወረደው። መዓዛ ከላይ ስሙን ስትጠራ ሰማ፤ አልመለሰም። አሥራ አንድ ዓመት የዕድሩን ሰዎች ሲረግም ኖሯል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሞተዋል። ይህን እያሰበ ደሙ ሲፈላ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ደረሰ።

"ገላው!"

ዞር አለ። ምንያህል በነጠላ ጫማው ተከትሎት እየሮጠ ነበር። አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ወልቆበት አንድ እግሩ በካልሲ ብቻ ነው። የደረጃውን ብረት ያዘና መናገር አቃተው። ደረቱ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ያ የእንጦጦን ዳገት እየዘፈነ የሚወጣው ልጅ፣ ገላው እየተከተለው "ቆየኝ!" የሚለው ልጅ፣ ከሕንፃው በር እስከዚህ መቶ ሜትር መሮጥ አቅቶት ነበር።

ገላው ንዴቱ የት እንደገባ አያውቅም። ክንዱን ይዞ ደረጃው ላይ አስቀመጠው፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን ያሸው ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁለት አንድ ዓይነት ሽማግሌዎች እያየ ያልፋል።

"ይቅር በለኝ" አለ ምንያህል፣ ድምፁ ሲመለስ።

"እሱን ቀስ ብለን እናወራዋለን። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።"

"ገላው…"

"እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ጨርቁን አታየውም፤ እኔን ነው የምታየው።"

ምንያህል አንገቱን አቀረቀረ። "እሺ" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሰልማ በሩን ስትከፍት አግዳሚው ላይ ሁለት ገላው ተቀምጦ አገኘች። ለአፍታ ግራ ገባት፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። "እንግዳው የትኛው ነው?" አለች።

"እጅጌው ያልተጠቀለለው" አላት ገላው።

ምንያህል ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክንዱን ዘረጋ። ገላው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሌላውን እጁን ያዘው። መሣሪያው ሲነፋ ምንያህል ዓይኑን ጨፈነ። ሰልማ ቁጥሩን አየች፤ አምስት ደቂቃ አስጠበቀችና በሌላው ክንዱ ደገመችው። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም።

"መቶ ዘጠና ሁለት በመቶ አሥራ አራት" አለች ቀስ ብላ። "ጋሼ፣ እንኳን መጡ።"

ዶክተር ባርኮት ወዲያው ሆስፒታል ላከቻቸው። በሳምንቱ ውጤቱን ይዛ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው። የገላው ኩላሊት ለዕድሜው ደህና ነበር። የምንያህል ሽንት ውስጥ ፕሮቲን አለ፤ ኩላሊቶቹ የሚሠሩት በግማሽ አቅማቸው ነው። የልቡ ግድግዳ ወፍሯል፤ የዓይኑ ደም ሥሮችም ተጎድተዋል።

"የጠፋው አይመለስም?" አለ ምንያህል። ድምፁ የአስተማሪ ድምፅ ነበር፤ ትክክለኛውን መልስ የሚፈልግ።

"አብዛኛው አይመለስም። አልዋሽዎትም። ግን የቀረውን ማቆየት እንችላለን፤ ብዙ ዓመት። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከወሰዱ፣ ጨው ከቀነሱ።"

"ሃምሳ ከመቶ" አለ ምንያህል። "ጥሩ ውጤት አይደለም፤ ግን ያሳልፋል።" ገላው ሳይወድ ሳቀ፤ ሐኪሟም ሳቀች።

ሁለቱም ለጥናቱ ደም ሰጡ። ገላው ክፍሉ ጥግ ቆሞ የወንድሙ ደም ጠርሙሱን ሲሞላ እያየ፣ ደብተሩን ይዞ ቁጥር ሲጽፍ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ባቡር ተሳፍሮ ግማሽ ሰዓት ቢሄድ ኖሮ ብሎ አሰበ። ይህን ለማንም አልተናገረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ለምንያህል ነገረው።

"ሁለታችንም ዘግይተናል" አለው ምንያህል። "እኔ ለእሷ፣ አንተ ለእኔ። ይብቃን።"

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ማክሰኞ ሁለቱ አብረው ይቀመጣሉ። ገላው ለወንድሙ ደብተር ገዛለት፤ ምንያህል ቁጥሩን በሠንጠረዥ አድርጎ፣ በቀይና በሰማያዊ ይጽፈዋል። መዓዛ ሽሮውን ያለ ጨው መሥራት ለመደች፤ ገላው እሑድ እሑድ ሄዶ ይበላና "ይሄ ምን ይሉታል?" እያለ ያማርራል። ክረምቱ ሲገባ የምንያህል ግፊት መቶ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገባ፤ የእግሩ እብጠት ጎደለ። ኩላሊቱ ግን አልተሻለውም። ባለበት ቆሟል፤ ባርኮት እንደምትለው ደግሞ ባለበት መቆም ትልቅ ነገር ነው።

ነሐሴ ላይ ሐኪሟ ስለ ጥናቱ ልትነግራቸው ጠራቻቸው። ከብዙ መንትዮች ደም ያገኙት የመጀመሪያ ነገር፣ ግፊታቸው ሳይታከም የቆዩት ሰዎች ላይ አንዳንድ ምልክቶች ተለውጠው መታየታቸው ነው። "የእናንተም ይለያያል። የጋሼ ምንያህል ከዕድሜያቸው ቀድሞ ያረጀ ሰው ይመስላል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።"

"ድሮም በሩብ ሰዓት ታላቁ ነኝ" አለ ምንያህል። ከዚያ ፈገግታውን ሰብስቦ ጠየቃት። "ለወደፊቱ፣ እንደ እናቴ ያለች ሴት ራሴን ሳትል በፊት ከደሟ ታውቃላችሁ ማለት ነው?"

"ያ ነው ተስፋችን። እስከዚያው ያቺ ጨርቅ አለች፤ እሷም ብዙ ታውቃለች።"

መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ቆሞ ተራራው በአደይ ሲሞላ፣ ምንያህል የድሮውን ሠፈር ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ዳገቱን ሲወጡ ገላው እርምጃውን ያሳጥራል፤ ምንያህል በየመብራት እንጨቱ እየቆመ ይተነፍሳል። ሲያርፉ ያወራሉ። እዚህ ጋ የማን ሱቅ ነበር? እዚያ ጋ ነው አባባ በፉጨት ሌባ ያባረሩት? ፍቅረማርያም የሚባለው ጎረቤታቸው ያቺን አንካሳ በቅሎ የት ነበር የሚያስራት? ያልተስማሙበት ይበልጣል።

የእነሱ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተሠርቷል፤ የብረት በር አለው። ደጁ ላይ ልብስ የምታሰጣ ወጣት ሴት እያየቻቸው "ምን ልርዳችሁ፣ አባቶቼ?" አለች።

"ምንም። ድሮ እዚህ ነበር የምንኖረው" አለ ገላው።

"እንግዲያው ግቡና እዩ" ብላ በሩን ከፈተችው።

ግቢው በሲሚንቶ ተለብጧል። የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም፤ ከጓሮው ጥግ በቀር። እዚያ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ግንዱ ተሰንጥቋል፤ አንድ ቅርንጫፉ ግን አረንጓዴ ነው።

"በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያፈራል" አለች ሴትዮዋ። "ማን እንደተከለው አናውቅም።"

"እኔ ነኝ" አለ ምንያህል።

"ምን አንተ! እኔ ነኝ እንጂ" አለ ገላው። "እማማ ኮኩን የሰጠችው ለእኔ ነው።"

"የሰጠችህ እንድትበላው ነበር። ኮኩን በልተህ ፍሬውን ጣልከው፤ እኔ አንስቼ ቀበርኩት።"

"ውኃ ያጠጣሁት እኔ አይደለሁም?"

"አንድ ቀን! እሱንም እማማ ተቆጥታህ።"

ሴትዮዋ እየሳቀች ሁለት ወንበር አውጥታ ከዛፉ ሥር አስቀመጠችላቸው። ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ወጥታ ነበር፤ ከጫካው የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ።